በርበሬ ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ

የአጎቴ ሚስት የሚኒባሱን ቁልፍ የምትደብቀው በርበሬ ውስጥ ነበር። ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ካልተፈነቀለ አይከፈትም። አጎቴ ማታ ሞቅ ብሎት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ሲወድቅ፣ ቁልፉን ከኪሱ ታወጣና እዚያ ትቀብረዋለች።

ጠዋት ሻይ አቅርባለት አጠገቡ ትቀመጣለች። ወሬ ታወራዋለች። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሰኞ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት። ወሬው ሰበብ ነው። ዓይኑን ታያለች፣ ብርጭቆ የያዘ እጁን ታያለች፣ ሲመልስላት ትንፋሹን ታሸታለች። ካመነችበት ቁልፉን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ትሰጠዋለች። ካላመነችበት "እኔ ምን አውቄ፣ ረዳትህ ወስዶት ይሆናል" ትላለች።

እኔ ያኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እነሱ ቤት ተቀምጬ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የምማር ልጅ ነበርኩ። የቆርቆሮውን ሚስጥር የምናውቀው እትዬና እኔ ብቻ ነን። አንድ ቀን ግን ቁልፉን በደንብ ሳትጠርገው ሰጠችው መሰለኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ገና ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ሳይገባ ዓይኑን አሸት ሲያደርግ በርበሬው ገባበት። መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። ተሳፋሪው በመስኮት እያየው ረዳቱ በሃይላንድ ውሃ ዓይኑን አጠበለት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ነገሩ ገባው። ማታ ሲመጣ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ፒያሳ ሄዶ ትርፍ ቁልፍ አስቀረጸ።

እትዬ ይህን ሳታውቅ አራት ወር ሙሉ ያንኑ ቁልፍ በርበሬ ውስጥ ስትቀብር ከረመች።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከስድስት መቶ ሜትር በላይ በዚያች አጭር መንገድ ይወረዳል ማለት ነው፣ ያውም እየተጠማዘዘ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና የኋላ መብራት እንኳ አይታይም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚለቅ አለ። ከሚሌ በባቲ በኩል የመጣ ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል፣ አይሱዙ በጎን ይቀድመዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት። ታች ይጠመቃል፣ ላይም ታችም ይጠጣል። እዚህ መንገድ ላይ ያልሰከረ ሹፌርም ቢሆን ላብ ያልበዋል።

አጎቴ መጀመሪያ የተያዘው ደሴ መግቢያ ላይ ነው። ትራፊኩ መመርመሪያ አልነበረውም፣ በአፍንጫው ነው ያወቀው። ተቀጣ፣ መንጃ ፈቃዱም ለጊዜው ተያዘ። እኛ ቤት ውስጥ "እሰይ፣ አሁን ይበርዳል" ተባለ። ሳምንትም አልቆየ። መንጃ ፈቃድ ወረቀት ነው፣ መኪና አያስነሳም። መኪና የሚያስነሳው ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ ደግሞ ሁለት አለው። ያለ መንጃ ፈቃድ በጠዋትና በማታ፣ ትራፊክ በማይቆምበት ሰዓት መሥራት ጀመረ። እነዚያ ሰዓቶች ደግሞ የመጠጡ ሰዓቶች ናቸው።

ሁለተኛው እሁድ ማታ ነበር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ ሲወጣ። ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጣና ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም። ብቻ ፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ ቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰበረ። የሲንጀር መኪና የሚረግጥበት እግሩ ነው። ድኗል ይባላል፣ ግን በግራው መርገጥ ለመልመድ ስንት ወር እንደፈጀበት እኔ አይቻለሁ፣ ምክንያቱም ካሳውን በየወሩ ይዤለት የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሁሌ ሻይ ይጋብዘኛል። ስለ አጎቴ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያ ነው የሚከብደኝ።

ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ። ወሎ ሽምግልና ያውቅበታል፣ እኔም የማከብረው ነገር ነው። አጎቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱአ ተደረገ። ነገር ግን ሽማግሌ መዝገብ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባለንብረት መኪና ሲሰጠው ይህ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጓል ብሎ የሚነግረው ወረቀት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የዚሁ አጎቴ ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። አምና ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ። እትዬ እስካሁን "ፍጥነት ነው" ብላ ለጎረቤት ትናገራለች። አንድ ቀን በኢሞ ሲደውል እኔ ቤቷ ነበርኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጧል። "ቆይ አንዴ" አለና ከስልክ የማይበልጥ ጥቁር ነገር አነሳ። በተጠማዘዘ ሽቦ ከዳሽቦርዱ ሥር ጋር ታስሯል፣ ጫፉ ላይ የሚነፋበት ትንሽ ፕላስቲክ አለው። ነፋ። ነፍቶም አልበቃ፣ እየነፋ ማንጎራጎር ጀመረ። እምምምም። ሰው መሆኑን ማሽኑ እንዲያውቅ ነው፣ ፊኛ ወይም ፓምፕ እንዳይነፋለት። አንድ ነገር ጢጥ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ተነሳ።

እትዬ መነጽሯን አስተካክላ ስልኩን ጠጋ አለች። "ምንድን ነው እሱ?"

ልጁ አፈረ። ከዚያ ነገራት። ኢግኒሽን ኢንተርሎክ ይባላል። ትንፋሹ ላይ አልኮል ካገኘ መኪናው አይነሳም።

ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እንዴ! ይሄማ እኔ ነኝ!"

ከዚያ ሳቋ ቆመና ለእኔ ዞራ በለሆሳስ ጠየቀችኝ። "ትርፍ ቁልፍስ የለውም?"

ይህቺ ጥያቄ ናት ለሳምንታት ያስነበበችኝ።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ውስጡ ፕላቲኒየም ያለበት ትንሽ ሕዋስ አለ። አልኮል ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ አልኮሉ በበዛ መጠን ኤሌክትሪኩ ይበዛል። ከተወሰነው ልክ ካለፈ ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖ መብራት አይሄድም። ልኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛቶች በደም ውስጥ 0.02 በመቶ አልኮል ነው፣ ማለትም ጠጥቶ መንዳት ከሚያስከስሰው ከ0.08 በእጅጉ ያነሰ። የኛ ሀገር ሕግም ያስቀመጠው ገደብ 0.08 ነው። መኪናው ከተነሳ በኋላም አይለቅም። ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ንፋ ይላል፣ ከዚያም ባልታሰበ ሰዓት። ያልጠጣ ጓደኛ አስነስቶለት እንዳይወርድ ነው። እየሄደ ሳለ ቢወድቅ ሞተሩን አያጠፋም፣ ያ ራሱ አደጋ ነው። ይመዘግባል፣ መብራትና ጥሩምባ ሊያስጮህ ይችላል። የኛ ልጅ ላይ ያለው ካሜራም አለው። አንድ ጠዋት አልኮል ባለበት የአፍ ማጠቢያ ተጉመጥምጦ ወዲያው ሲነፋ አልነሳም ብሎት፣ ውሃ ጠጥቶ ሩብ ሰዓት በረዶ ላይ ቆሟል። እትዬ ይህን ስትሰማ "ይበለው" አለች፣ ግን ያኔ ሹራብ እንድልክለት አዘዘችኝ።

ሕጉን መጀመሪያ ያወጣችው ካሊፎርኒያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1986። ለረጅም ጊዜ ለደጋጋሚ ብቻ ነበር። በ2005 ኒው ሜክሲኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘም ይገጠምለት አለች። ቨርጂኒያ በ2012 ተከተለች። አሁን ሃምሳውም ግዛቶች የሆነ ዓይነት ሕግ አላቸው። በ2011 የታተመ አንድ ግምገማ 15 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ መሣሪያው ተገጥሞ ባለበት ጊዜ ዳግም የመያዝ ነገር በ67 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኘው። ሲነቀል ግን? ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ይህን ለእትዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል "እንግዲያው አይንቀሉት" አለች።

ቀልድ አይደለም። ሕጉን እናሻሽል የሚሉ ሰዎች ዋና ጭቅጭቅ ይኸው ነው። ድሮ መሣሪያው የሚነሳው ቀኑ ሲሞላ ነበር። ስድስት ወር ተባለ፣ ስድስት ወር ሞላ፣ መኪናውን ትቶ በእግሩ ቢሄድም ሰክሮ ሲነፋ ቢከርምም ይነቀልለታል። የተሻለው ሕግ የሚቆጥረው ንጹሕ ቀኖችን ነው። የኛ ልጅ ስድስት ወር በተከታታይ ያለ ጥፋት መጨረስ አለበት። አራተኛው ወር ላይ አንድ ልደት ሄዶ፣ በማግስቱ ጠዋት "ድኛለሁ" ብሎ ነፋ። አልዳነም። ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ።

ከሕጉ የሚያመልጡበት ሁለተኛው ትርፍ ቁልፍ ደግሞ መጠበቅ ነው። መንጃ ፈቃድህ ለዓመት ታግዷል፣ መሣሪያውን ካስገጠምክ ግን መንዳት ትችላለህ ሲባል፣ ብዙ ሰው እጠብቃለሁ ይላል። መጠበቁን ግን በእግሩ አይጠብቅም። እንደ አጎቴ እየነዳ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ አንዳንድ ግዛት ሳያስገጥሙ ያሳለፉት ቀን አይቆጠርም፣ መንጃ ፈቃድህን የምታገኘው በመሣሪያው በኩል ብቻ ነው ማለት ጀመረ። ገንዘቡም አለ፤ የሚከፍለው ጥፋተኛው ራሱ ነው፣ ያጣ ሰው ደግሞ ሳያስገጥም ይነዳል። ኒው ሜክሲኮ ለድሆች የሚሆን ፈንድ አላት። በፍሎሪዳ ደግሞ ማሽኑ ላይ በተደጋጋሚ የሚወድቁትን ወደ ሕክምና ሲልኳቸው፣ ከተነቀለም በኋላ ደግመው የሚያዙት ያነሱ ሆነዋል። ማሽን ቁልፍ ይይዛል እንጂ ጥም አይቆርጥም።

የቀረችው ቀዳዳ ግን ለኛ ትልቋ ናት። "መኪና የለኝም።"

አሜሪካ ውስጥ ይህ ማምለጫ ነው። መኪናውን በሚስቱ ስም ያዞርና የለኝም ይላል። በብዙ ግዛቶች የመሥሪያ ቤት መኪና መሣሪያ ባይኖረውም መንዳት ይፈቀድለታል። እኛ ጋ ግን ይህ ማምለጫ ሳይሆን እውነት ነው። ሐረጎ ላይ ከሚወርደው ሚኒባስና አይሱዙ ስንቱ ነው ሊብሬው በሹፌሩ ስም ያለ? መኪናው የባለንብረት ነው። ባለንብረቱ ማታ የሚጠይቀው ገቢውን ነው። ሹፌሩ ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ። የአሜሪካን ሕግ እንዳለ ብናመጣው፣ መሣሪያውን የምንገጥመው በሰውዬው የትላንትና መኪና ላይ ይሆናል። እሱ ሌላ መኪና ይዞ ወርዷል።

ይህን አንድ ኮምቦልቻ ያለ የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋር ሄጄ አወራሁት። ኮፈን ሥር አንገቱን ቀብሮ ነበር። ጨርሶ ሰማኝና "ወንድሜ፣ ሞተሪኖ ነው የሚቆርጠው?" አለኝ። አዎ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ደሴ አቅጣጫ በአገጩ አሳየኝ። "ደሴ ላይ ማን በሞተሪኖ ያስነሳል?"

እውነቱን ነው። ባትሪ የደከመበት ሁሉ ደሴ ላይ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ነው የሚያቆመው። ጠዋት ፍሬን ይለቃል፣ ትንሽ ሲንከባለል ማርሽ ያስገባል፣ ተነሳ። ቁልቁለት ካጣ ደግሞ አምስት ጎረምሳ ይገፋለታል። በዚህ ከተማ ሞተሪኖ ቅንጦት ነው። እንግዲህ ሞተሪኖ ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ እኛ ጋ መሳቂያ ነው። ደህናዎቹ መሣሪያዎች ግን ሳይነፋ የተነሳን ሞተርም ይመዘግባሉ። ሕጉ ይህን መዝገብ የሚያይ ሰው ካላስቀመጠ ግን ምዝገባው ለማንም አይጠቅምም። ኤሌክትሪሻኑ ይህን ስነግረው "እሱስ ይሻላል" አለና "ብቻ ዳይሬክት አድርግልኝ ብሎ እኔ ጋ የሚመጣው ብዙ ነው" ሲል ጨመረ። ዋጋውንም አስቦ ጨርሶ ነበር መሰለኝ።

እኔ የምለው ይህ ነው። እኛ ጋ መሣሪያው ሰውን ሳይሆን መኪናውን ይከተል። ማንም ይንዳው ማን፣ ሰው የሚጭን መኪና ይነፋለት። አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተማሪ የሚያመላልሱ መኪናዎች ላይ አስገድዳለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሁሉ እንዲኖረው አድርጋለች። እዚያ ሹፌሩ ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም የሚነፋው። ስለሚነዳ ነው። ሀፍረት የለውም፣ ቀበቶ እንደማሰር ነው። ለአጎቴ ዓይነት ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እሱን ያሳበደው መከልከሉ አልነበረም፣ በሚስቱ መሸተቱ ነበር።

ሁሉም ላይ በአንዴ ይገጠም አልልም። ዶላር አለ፣ የሚያስተካክለው ባለሙያ አለ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መታየት ይፈልጋል። ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ በሚወጡት አውቶቡሶች ይጀመር። ለምን በነሱ? ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ሰውነት በሰዓት የሚያጸዳው አልኮል 0.015 ገደማ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 0.15 ሆኖ የተኛ ሹፌር 11 ሰዓት ላይ 0.075 ነው። ተኝቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ቡና ጠጥቷል፣ ቡናው ግን ሒሳቡን አይቀንሰውም። በሕጋችን ለጥቂት ያልፋል። እሱም ራሱን ያልሰከረ ነው የሚለው። ኢንተርሎኩ ግን በ0.02 አያስነሳውም። እትዬ ማታ ቁልፍ ደብቃ ጠዋት ሻይ ይዛ የምትቀመጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማታ ሰክሮ መተኛቱን ታውቃለች፣ ጠዋት መንቃቱን ነበር የማታምነው።

ጫቱስ? ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። መሣሪያው ጫት አያውቅም። ወሎ ላይ ሆኜ ይህን ብደብቅ ያስቅብኛል። ግን ጫቱ ብቻውን አይቆምም። ከሰዓት ተቅሞ፣ ምርቃናው ማታ እንቅልፍ ሲከለክል፣ ጨብሲ ይመጣል። አጎቴ ቢራውን "መድኃኒት" ነበር የሚለው። ማሽኑ ጨብሲውን ይይዘዋል፣ ጫቱን ለትራፊኩ ይተውለታል።

አጎቴ አሁን አይነዳም። ስኳር ይዞታል፣ ዓይኑም ደክሟል። ልጁ በኢሞ ሲደውል ስልኩን ተቀብሎ "እስቲ ንፋው" ይለዋል፣ እንደ ሕፃን ጨዋታ። ልጁ ይነፋል፣ ያንጎራጉራል። አጎቴ ጢጥታውን እስኪሰማ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከጨረሰ በኋላ ለእትዬ "በርበሬ ይሻል ነበር" አላት። ትርፍ ቁልፉን ያስቀረጸበትን ቀን ያን ጊዜ ነው የነገራት። ከስንት ዓመት በኋላ! እሷ ለሦስት ቀን አላናገረችውም።

እኔ የተረፈኝ አንድ ልማድ ነው። ሚኒባስ ስገባ ከሹፌሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ጠጋ ብዬም "እንዴት ዋልክ ወንድሜ፣ ሥራ እንዴት ነው?" እለዋለሁ። አፉን እንዲከፍት ነው። ባለፈው ሳምንት ከደሴ ስወርድ የያዘኝ ልጅ ሃያ አምስትም አይሞላው፣ ዘወር ብሎ ረጅም መልስ ሰጠኝ። ስለ ጎማ ዋጋ። ትንፋሹ ቡናና ጤና አዳም ይሸት ነበር። ሐረጎን ሳንጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።